ለነገ የተቀመጠ ፊልም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፎቶግራፍ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የምንናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ይኸውም ስለ ፎቶግራፍ ፊልም፣ ይልቁንም ፎቶግራፍ አንሺዎች ፊልም ገዝተው ለወደፊት ስለሚያከማቹበት ልማድ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን መርምረን በደረስንበት ጊዜ ለእኛ ትንሽ ሆኖ አላገኘነውም። ለእናንተም እንዲሁ እንዲሆን ተስፋ እናደርጋለን።

ወደዚህ ጉዳይ ያደረሰን ይህ የበዓል መጽሔት ነው። የመጽሔቱ አዘጋጆች የትምህርት ቤታችንን የቀድሞ ፎቶግራፎች ፈልጋችሁ አምጡ ብለው ክበባችንን አዘዙ። እኛም በጉብሬ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ቤት ለቤት ዞርን። ብዙ ፎቶግራፍ እናገኛለን ብለን ነበር፤ ያገኘነው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከመታወቂያ ላይ የተረፈ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ በመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች በወላጆቻቸው ደጃፍ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ይህን የመሰለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎችና የመጀመሪያዎቹን መምህራን የሚያሳይ ከሦስት በላይ አላገኘንም።

በዚህ ፍለጋ ላይ ሳለን ቀድሞ ፎቶ ቤት ወደ ነበራቸው አንድ አዛውንት ሄድን። ስማቸው እንዳይጠራ ስለ ለመኑን፣ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉንና ቡና አስፈልተው ስለ ሥራቸው አጫወቱን። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ነገር ፊልም ያከማቹ የነበሩ መሆናቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም በአገራችን ተሠርቶ አያውቅም፤ ሁሉም ከውጭ አገር የሚመጣ ነበር። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይወደዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከገበያ ይጠፋል። የፎቶ ቤት ሥራ ደግሞ ዓመቱን በሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሌላው ወራት የሚነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን፣ በመስከረም ወር ለመስቀል ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ የአገሩ ልጅ ሁሉ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሁሉም ከእናትና ከአባቱ ጋር ሊነሣ ይፈልጋል። በዚያን ሰሞን ፊልም ያለቀበት ፎቶ አንሺ የዓመት እንጀራውን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ጋሼ ከሰኔ ወር ጀምረው ወደ ወልቂጤና ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሱ ያገኙትን ፊልም ሁሉ ይገዙ ነበር።

«ልጆቼ፣ እናቶቻችሁ ቆጮውን በጉድጓድ እንደሚያስቀምጡ እኔም ፊልሜን አስቀምጥ ነበር» አሉን።

ይህ ምሳሌ ለእኛ ለጉራጌ ልጆች ግልጽ ነው። ቆጮ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆና ድንጋይ ተጭኖበት ብዙ ጊዜ፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይቆያል። በክፉ ቀን ቤተ ሰብን የሚያድን ስንቅ ነው። ፊልምስ እንዲህ ሊቆይ ይችላልን? ይህን ለማወቅ በመጀመሪያ ፊልም ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልገናል።

ፊልም ማለት በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተቀባ የጄላቲን ሽፋን ነው። ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው። በውስጡም ከብር ማዕድን የተሠሩ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። ብርሃን ሲነካቸው ገና ያልታየ ሥዕል በላያቸው ይቀረጻል። ፊልሙ በጨለማ ክፍል ሲታጠብ ብርሃን የነካቸው ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ይለወጣሉ፤ ያልነካቸው ደግሞ በሌላ ኬሚካል ተሟሙተው ይወጣሉ። ነጋቲቭ የምንለው ይህ ነው።

በቀድሞው ዘመን ይህን ነገር ማከማቸት አስቸጋሪ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች አብረው ነበሩ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስታወት ላይ ነበረ። ብዙውን ጊዜ ይሠራበት በነበረው ዘዴ መስታወቱ ኬሚካል ተቀብቶ ገና እርጥብ ሳለ መነሣትና መታጠብ አለበት፤ ከደረቀ ከንቱ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺ ከተራራ ተራራ የሚጓዘው ጨለማ ክፍሉን ጭኖ ነው።

በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጄላቲን የሚሠራውን ደረቅ መስታወት አስታወቀ። ከዚህ በኋላ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ቀለለ። በ1888 ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ 100 ፎቶግራፍ ከሚያነሣ ጥቅል ጋር በ25 ዶላር ለገበያ አወጣ። በአገራችንም በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ አገልግለዋል። ዛሬ የአያቶቻችንን ዘመን በዓይናችን የምናየው እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች አንሥተው ባስቀመጡት ነው።

ደረቅ ፊልም ሊቀመጥ ይችላል ማለት ግን አይለወጥም ማለት አይደለም። የፊልም ጠላቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሙቀት ነው። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ሦስተኛው ከሰማይ የሚወርደውና ከመሬትም የሚወጣው በዓይን የማይታይ ጨረር ነው። እነዚህ ሁሉ ካሜራው ሳይከፈት፣ ብርሃን ሳይነካው፣ ፊልሙን ቀስ በቀስ ያጠቁሩታል። በካርቶኑ ላይ ቀን የሚጻፈውም ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ ፊልም የሚያከማች ሰው በቀዝቃዛ ስፍራ ማስቀመጥ አለበት። ለጥቂት ወራት ማቀዝቀዣ ይበቃል፤ ለብዙ ዓመታት ከሆነ በረዶ በሚያደርገው ክፍል ውስጥ ይገባል። በሚወጣበት ጊዜ ግን ወዲያው መከፈት የለበትም፤ ላብ ይዞ እንዳይበላሽ እንደ ታሸገ ሙቀቱ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪተካከል መጠበቅ ይገባል። ከዚህም ሌላ ጥቁርና ነጩ ከባለቀለሙ ይልቅ ይቆያል፤ ጥቂት ብርሃን የሚበቃው ፈጣን ፊልም ደግሞ ከዝግተኛው ቀድሞ ይበላሻል። ጨረሩን ግን ቅዝቃዜም አያግደውም።

ጋሼ ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም። ፊልሙን በፕላስቲክ ጠቅልለው በእንስራ ውስጥ ይከቱና በጓዳቸው ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ያኖሩት ነበር። መጽሐፍ ሳያነቡ ከቆጮው ጉድጓድ የተማሩት ጥበብ ነው።

በሌላው ዓለምም ፎቶግራፍ አንሺዎች ፊልም የሚያከማቹበት ዘመን መጣ፤ ምክንያቱ ግን ከጋሼ የተለየ ነበር። የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን በ1975 ያለ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ ሠራ። ይህ አዲስ ሥራ እያደገ ሄዶ የፊልምን ገበያ እጅግ አሳነሰው፤ ኮዳክም ራሱ በጥር ወር 2012 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ። የፊልም ዓይነቶች አንድ በአንድ መሠራታቸው ሲቆም፣ የሚወዷቸው ሰዎች በካርቶን እየገዙ ማቀዝቀዣቸውን ሞሉት።

ከእነዚህ ሁሉ የኮዳክሮም ታሪክ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ኮዳክሮም በ1935 ወጥቶ በቀለሙ ውበት በዓለም የታወቀ ፊልም ነበር። በ2009 መሥራቱ መቆሙ ተነገረ። ብዙዎች አከማቹት። ነገር ግን የዚህ ፊልም ቀለም በፊልሙ ውስጥ የለም፤ በሚታጠብበት ጊዜ ውስብስብ በሆነ ሥራ የሚጨመር ነው። ይህን ማጠብ የሚችል በመጨረሻ በዓለም የቀረው አንድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ በተባለች ከተማ የነበረ ነው። ያ ቤት በ2010 መጨረሻ ላይ ኮዳክሮም መቀበሉን አቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ በማቀዝቀዣ የቀረው ኮዳክሮም ምንም ያህል በደንብ ቢጠበቅ ባለቀለም ፎቶግራፍ አድርጎ የሚያጥብለት ቤት አልነበረም። ሰዎቹ ፊልሙን አከማቹ፤ ሙያውን ግን ማከማቸት አልቻሉም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነም ታሪክ አለ። በ1897 አንድሬ የተባለ ስዊድናዊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ለመድረስ ተነሣ። ባሉኑ በበረዶ ላይ ወደቀ፤ ሦስቱም ሞቱ። በ1930 አስከሬናቸውና ዕቃቸው በአንዲት የበረዶ ደሴት ተገኘ። በዕቃቸውም መካከል ተነሥቶ ያልታጠበ ፊልም ነበር። ያ ፊልም ከ33 ዓመት በኋላ በስቶክሆልም በጥንቃቄ ቢታጠብ 93 ፎቶግራፎች ዳኑ። የወደቀው ባሉንና ሰዎቹ በበረዶው ላይ ቆመው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ልብ በሉ፤ የኮዳክሮሙ ባለቤቶች ያስቀመጡት ባዶ ፊልም ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ያስቀመጡት ያዩትን ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉብሬ እንመለስ። ጋሼ ታሪካቸውን ከጨረሱ በኋላ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ከእንስራው ውስጥ አራት ጥቅል ጥቁርና ነጭ ፊልም አወጡ። ከቀድሞው ፎቶ ቤታቸው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሁለት ጨመሩ። በሁሉም ላይ የተጻፈው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር 1998 ነው። ዜኒት የተባለውንም አሮጌ ካሜራቸውን አዋሱን። «ለማን ላስቀምጠው? ውሰዱና ሞክሩት» አሉን።

ደስታችን እጅግ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ኮዳክሮሙ ሰዎች እኛም ማጠቢያ አልነበረንም። የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል በጉብሬም በወልቂጤም ፈልገን አጣን። በመጨረሻ የኬሚስትሪ መምህራችን አንድ ነገር ነገሩን። በ1995 በአሜሪካ በሮቸስተር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ፊልምን በቡና ማጠብ እንደሚቻል አሳዩ። በቡና ውስጥ ካፌይክ አሲድ የተባለ ነገር አለ፤ ሥራውንም የሚሠራው እርሱና መሰሎቹ ናቸው እንጂ እንቅልፍ የሚከለክለው ካፌይን አይደለም። የቡና አገር ልጆች ሆነን ይህን ስንሰማ ሳቃችንን መቆጣጠር አልቻልንም።

እንዲህም አደረግን። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 54 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት የተባለውን የማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም ቶሎ የሚሟሟ የቡና ዱቄት አሟሟን። ሙቀቱን 20 ዲግሪ አድርገን ፊልሙን ለ15 ደቂቃ አጠብን። ከዚያም ከትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ባገኘነው ሶዲየም ታዮሰልፌት ሥዕሉ እንዲጸና አደረግነው። ሽታው ደስ አያሰኝም፤ ቡናውም ለመጠጥ የሚሆን አይደለም።

ፎቶግራፉን ከማንሣታችን በፊት ስለ ፊልሙ እርጅና አሰብን። ፎቶ አንሺዎች በልማድ ቀኑ ካለፈ በኋላ ለየአሥር ዓመቱ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ይገባል ይላሉ። ለእኛ ፊልም ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ስለ ቀረው ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ስምንት እጥፍ ብርሃን ሰጠነው። በጀፎረው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎችን፣ እንሰት የሚፍቁ እናቶችን፣ መምህራኖቻችንንና የትምህርት ቤታችንን በር አነሣን።

ውጤቱን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንነግራችኋለን። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ፀሐይ ሲመታቸው የኖሩት ሁለቱ ጥቅሎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁረው ምንም አልታየባቸውም። በእንስራው ውስጥ የኖሩት አራቱ ግን ሥዕል ሰጡ። ጉም የለበሰና አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ፊት ይለያል። ነጋቲቩን በነጭ ብርሃን ላይ ዘርግተን በስልክ አነሣነውና ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር ገለበጥነው። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ በዚህ መጽሔት ታትመዋል።

ፎቶግራፎቹን አሳትመን ለጋሼ ወሰድንላቸው። አንድ በአንድ አዩ። እንሰት ከሚፍቁት እናቶች የአንዲቱን ሲያዩ ግን ዝም አሉ። እኛም ፎቶግራፉ ያልወደዱት መስሎን አፈርን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተናገሩትን በፈቃዳቸው እዚህ እንናገራለን።

«እነዚህን አራት ጥቅሎች ያስቀመጥኩት ለእናቴ ነበር» አሉን። «በየመስቀሉ የአገሩን እናት ሁሉ ሳነሣ እርሷ ደጃፍ ቆማ ታየኛለች። አንድ ቀን፣ እኔንስ መቼ ታነሣኛለህ? አለችኝ። እኔም፣ የደንበኛው ይቅደም፤ አንቺ የትም አትሄጂ አልኳት። ደግሞ ለእርሷ የሚሆነው ጥሩ ፊልም፣ ጥሩ ቀን፣ ጥሩ ልብስ ይሁን ብዬ አራቱን ለይቼ አስቀመጥኩ። እርሷ በዚያው ክረምት ዐረፈች። ፊልሙ አለ፤ እርሷ የለችም። አንድም ፎቶግራፍ የለኝም።»

ከዚያ ወዲያ ምን ብለን እንደምናጽናናቸው አላወቅንም። ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገድ ላይ አልተነጋገርንም።

ክቡራን ሆይ፤ ጋሼ ሰነፍ ወይም ንፉግ ሰው አይደሉም። በችግር ዘመን የተማሩት ማከማቸት ለብዙዎቻችሁ ቤት ፎቶግራፍ ያስገኘ ነው። ነገር ግን ችግሩ ካለፈና ፊልም በገበያ ከሞላ በኋላም ልማዱ አልለቀቃቸውም። እናቶቻችን ቆጮውን ሲያስቀምጡ ቀብረው አይረሱትም፤ ጉድጓዱን ይከፍታሉ፣ ቅጠሉን ይለውጣሉ፣ ለልጆቻቸውም ይጋግራሉ። ያልተበላ ስንቅ ስንቅ ሊባል አይችልም። ያልተነሣም ፊልም የማንንም ፊት አያስታውስም።

እኛም ወጣቶቹ ከዚህ ጥፋት ንጹሓን ነን ልንል አንችልም። ፊልም ባናከማች በስልካችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ አከማችተናል። አብዛኛው የራሳችን ፊት ነው፤ የማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተነሣ አልተጻፈበትም፤ ስልኩ የጠፋ ቀን ሁሉም ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ መካከል የአያቶቻችሁ ፎቶግራፍ ስንት ነው ብሎ መምህራችን በጠየቁን ጊዜ ከክበባችን አባሎች የሚበዙት አንድም አላገኙም።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ሦስት ነገር እንለምናለን።

መጀመሪያ፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ በቤታችሁ በቆርቆሮ ወይም በሣጥን ውስጥ የቆየ ፎቶግራፍና ነጋቲቭ ካለ አትጣሉት። ከፀሐይ፣ ከጢስና ከእርጥበት አርቃችሁ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ አኑሩት። ነጋቲቩን በጣት አትንኩት፤ ጠርዙን ብቻ ያዙት። በፎቶግራፉ ጀርባም የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉበት፤ ዛሬ የሚያውቀው ሰው ነገ ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የቀድሞ ተማሪዎችና ፎቶ ቤት የነበራችሁ ሁሉ፣ ያላችሁን አውሱን። ክበባችን ገልብጦ የእናንተን ለእናንተ ይመልሳል፤ ግልባጩን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጣል። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች እንደ እኛ ቤት ለቤት እንዳይዞሩ ይህ የእኛ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ በሚመጣው መስቀል ከራሳችን አስቀድመን አያቶቻችንን እናንሣ። ጀፎረውን፣ የሣር ቤቱን፣ የእንሰቱን ሥራ እናንሣ። ጥሩ ልብስ እስኪገኝ፣ ጥሩ ካሜራ እስኪመጣ አንጠብቅ። በጉም የተሸፈነ ፎቶግራፍ ከሌለ ፎቶግራፍ ይሻላል።

ከጋሼ አራት ጥቅሎች መካከል በመጨረሻው ላይ ያልተነሡ ጥቂት ቦታዎች ቀርተው ነበር። እነርሱን ለሌላ ቀን እናስቆያቸው የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ያን የሰማነውን አስታውሰን ተመልሰን ሄድንና ጋሼን ራሳቸውን በደጃፋቸው ላይ አነሣናቸው። ኮት ልልበስ ብለው ነበር፤ እኛም እንዳሉ ይቁሙ ብለን ለመንናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከካሜራው በስተኋላ ስለ ቆዩ ከፊቱ መቆም ትንሽ አስቸገራቸው፤ በመጨረሻ ግን ፈገግ አሉ። ይህ ፎቶግራፍ በመጽሔቱ ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው።